ከእጄ አልበላም ያለው ሰው

አጎቴን ፊት ለፊት ሳናግረው «እርስዎ» እለዋለሁ። ሲገባ ብድግ እላለሁ፣ ወንበር እስብለታለሁ፣ ወሬዬን ሳያስጨርሰኝ ሲያቋርጠኝም ዝም እላለሁ። እዚህ ወረቀት ላይ ግን «እሱ» ነው። ማንም ሊያርመኝ አይነሳ፤ አስቤበት ነው። ይህን ያህል እንኳ ካልተበቀልኩት መጻፉ ምን ይጠቅመኛል?

የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። እኛ ዘንድ የአባት ወንድም ሓወቦ ይባላል። አባቴ ገና ዳዴ ስል ስለሞተ እኔን የማሳደጉ ልፋት ለእናቴ፣ የማዘዙ ሥልጣን ለሓወቦ ደረሰ። መቀሌ ውስጥ ሓወልቲ አካባቢ ካሉት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ኃላፊ ነበር፤ ከቢሮ ሲወጣም ኃላፊነቱን ይዞት ይወጣል። ሲስቅ በትግርኛ ይስቃል፣ ሲቆጣ ግን ወደ አማርኛ ይሻገራል። እኔ አማርኛዬን ያዳበርኩት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከእሱ ቁጣ ነው።

ሓወቦ እኔ መሐንዲስ እንደምሆን ወስኖ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ይጠራኝና «ይኸው መሐንዲሳችን» ይላል፤ እንግዳውም ራሴን ይደባብሰኛል። ለምን መሐንዲስ ብሎ የጠየቀው የለም። እኔንም የጠየቀኝ የለም። እውነቱን ለመናገር ቢጠይቁኝም መልስ አልነበረኝም። ትምህርት ቤት ስንተኛ እንደወጣሁ ይነገረኝ ነበር እንጂ ምን እንደምወድ የማውቅበት ቦታ አላገኘሁም ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን የስካውት ቡድን ተቋቋመ። መሪያችን ከወሎ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ቤት ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ነበር። በትግርኛ ሊያናግረን ሞክሮ በሳቅ ስለገደልነው በአማርኛ ተስማማን። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ይሰበስበናል። በመጀመሪያው ቀን፣ «እዚህ አንደኛ፣ ሁለተኛ የሚባል የለም» አለን። «ሁሉንም ትሞክራላችሁ፣ አንዱ ይይዛችኋል። እስኪይዛችሁ ድረስ ማበላሸት ይፈቀዳል።»

ሓወቦ ስካውት እንድገባ የፈቀደው ዩኒፎርሙን አይቶ ነው። ሥርዓት ይማራል፣ ቀጥ ብሎ መቆም ይማራል ብሎ። እናቴ ስካርፉን አንገቴ ላይ ስታስርልኝ ከኋላዋ ቆሞ «ጠበቅ አድርጊው» ይላል።

እኔ ግን የማበላሸት ፈቃዱን ነበር በደንብ የተጠቀምኩበት። ገመድ ማሰር ተማርን፤ እኔ ያሰርኩት ድንኳን እንቅልፍ የወሰዳቸው ጓደኞቼ ላይ ተደፋ። ፋሻ መጠቅለል ተማርን፤ የጓደኛዬን ክንድ ከተቀመጠበት ወንበር ጋር አብሬ ጠቀለልኩት። ኮምፓስ ተሰጠኝና ምድቤን ወደ እንዳ ኢየሱስ መልሼ እንዳመጣ ታዘዝኩ፤ ልጆቹን ይዤ ከከተማው ውጪ ያሉት የዓይናለም የውኃ ጉድጓዶች ዘንድ ደረስኩ፣ ዘበኛው በዱላ አባረረን። በዚህ መሀል ሌሎቹን አንድ በአንድ እየያዛቸው ነበር። ክፍል ውስጥ ድምጿ የማይሰማ አንዲት ልጅ ክንፉ የተሰበረ ወፍ አግኝታ እስኪበር ድረስ ስታስታምመው ሰነበተች፤ ዛሬ የእንስሳት ሐኪም ናት። ሌላው የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ ሲገጥም አንድ ብሎን ተረፈው፣ ሬዲዮው ግን ተናገረ። ዛሬ ስልክ ይጠግናል፤ አሁንም ብሎን ሳይተርፈው አይቀርም። እኔን ብቻ የሚይዘኝ ጠፋ።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ላይ ከዓይናለም ወዲያ ያለ የባሕር ዛፍ ደን ውስጥ ሰፈርን። በስካውቶች ደንብ ምግብ የሚሠራው በየምድቡ ተራ ነው፤ ወንድ ሴት የለም። እኛ ቤት ወንድ ልጅ ማጀት ብቅ ካለ እናቴ በማማሰያ ነው የምታባርረው። «ውጣ፣ ሰው ያይሃል» ትለኝ ነበር፤ ምን እንደሚያዩብኝ ግን ነግራኝ አታውቅም። ተራዬ ደርሶ መኮሮኒ እንድሠራ ስታዘዝ ማማሰያ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነበር።

መኮሮኒው ሙጫ ሆነ። ምድቤ በሙሉ ትቶኝ ብስኩት ፍለጋ ሄደ። መሪው መጣና ማንኪያ ሙሉ አንስቶ ጎረሰ፤ ለረጅም ጊዜ አላመጠ።

«ምኑን ነው ያጠፋኸው?» አለኝ።

«ውኃው ሳይፈላ ጨመርኩት። ድስቱ ጠቦታል፤ መኮሮኒው የሚገላበጥበት ቦታ አልነበረውም። እንጨቱ ደግሞ እርጥብ ባሕር ዛፍ ስለሆነ መጀመሪያ ጭስ ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ባንዴ ተንቦገቦገ። ሲንቦገቦግ ድስቱን ማውረድ ነበረብኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሲሆን አየሁት።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «እስከ ዛሬ ያላበላሸኸው ነገር የለም» አለ። «ለምን እንደተበላሸ የነገርከኝ ግን ይህን ብቻ ነው። ነገም ምድጃው ያንተ ነው።»

በማግስቱ የሠራሁት መኮሮኒ እርስ በርሱ አልተጣበቀም። በሦስተኛው ቀን ምስር ሠራሁ፣ ልጆቹ ድስቱን ጠረጉት። እሳቱን ሳየው ምን እንደሚፈልግ ይገባኝ ነበር። ሒሳብ ላይ ሌሎች ልጆች እንደዚያ ሲሆኑ አይቼ ቀንቼ አውቃለሁ፤ ያን ቀን የሚቀናበት እኔ ሆንኩ። ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። እንግዲህ ሓወቦ የነጠቀኝ ምን እንደነበረ ይታወቅልኝ ብዬ ነው ይህን ሁሉ የማወራው።

መሪው የምግብ ማብሰል ባጅ እንዳለ ነገረኝ። ፈተናው ቀላል አልነበረም፤ አንድ ምግብ መርጠህ፣ አቅደህ፣ ብቻህን ሠርተህ በወላጆች ቀን ለእንግዶች ማቅረብ አለብህ። ጥሕሎ እሠራለሁ አልኩ። የእናቴ ዘመዶች ከአዲግራት በኩል የመጡ ዓጋመዎች ናቸው፤ ጥሕሎ የእነሱ ምግብ ነው። የተቆላ የገብስ ዱቄት በጨው ውኃ ይታሽና እንደ ትንሽ ዕንቁላል ይድቦለቦላል፤ ባለ ሁለት ጣት እንጨት ተወግቶ ቀይ የሥጋ ወጥ ውስጥ ይነከራል። እናቴ በዓል ሲሆን ስትሠራ በበሩ ስንጥቅ አይ ነበር እንጂ እጄ ነክቶት አያውቅም። አስተምሪኝ ብዬ ለመንኳት። የግቢው በር መዘጋቱን ወጥታ አየች፣ የማጀቱን መጋረጃ ጣለች፤ «ለሓወቦኻ እንዳትነግረው» አለችና ዱቄቱን ፊቴ አስቀመጠች። ሙሉ ወር በድብቅ አሸሁ። ሌሎች ልጆች ሲጋራ ተደብቀው በሚያጨሱበት ዕድሜ እኔ ተደብቄ ገብስ አሽ ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ፤ እዚያው ደን ውስጥ እንደገና ሰፈርን። ወላጆች በሚኒባስ ደኑ ድረስ መጡ፤ ሓወቦ ከእናቴ ጋር ሙሉ ልብሱን ለብሶ ወረደ። የገመድ ድልድይ የሠሩ ልጆች እንዳሉ ሰምቶ ስለነበር መሐንዲሱን ፍለጋ ቀጥታ ወደ ድልድዩ ሄደ። ድልድዩ ላይ አጣኝ። ኋላ ሽርጥ አስሬ፣ እስከ ክርኔ ዱቄት ሆኜ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። ድስቱ በጎኔ ይንተከተካል። እውነቱን ልናገር፣ እሱን ሳየው ደስ አለኝ። የመጀመሪያውን ለእሱ ላቀርብለት አስቤ ነበር፤ ትልቋን ድቡልቡል ለብቻ አስቀምጬለት ነበር።

«ምንድን ነው ይህ?» አለ በአማርኛ። አማርኛውን ስሰማ ከድንጋዩ ብድግ አልኩ።

መሪያችን ፈጠን ብሎ መጣ። «ጌታዬ፣ ልጁ ፈተና ላይ ነው። በጣም ጎበዝ—»

«ፈተና? ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ ፈተና? እኔ መሐንዲስ ላሳድግ እናንተ ሴታሴት ታደርጉብኛላችሁ?»

ስካርፌን ከአንገቴ ፈታው። እጁ ላይ ጠቀለለውና የጋለውን ድስት ጆሮ በእሱ ያዘ፤ ወጡን አፈር ላይ ደፋው። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ቀጥ ብሎ ቆመና እጁን ወደ ላይ አነሳ። «ሚካኤል ይመስክርብኝ! ከዚህ ልጅ እጅ የወጣ እህል ባፌ አይገባም!»

ልጆቹ ዝም፣ ወላጆቹ ዝም። እናቴ የፈሰሰውን ወጥ ታያለች እንጂ እኔን አታይም። ሚኒባሱ ውስጥ አስገባኝና ከጎኑ አስቀመጠኝ፤ እስከ ከተማ ድረስ ሱሪው ላይ የተፈናጠቀውን ወጥ በመሐረብ ሲጠርግ ነበር። እኔ በማንም ቅዱስ ስም አልማልኩም። ነገር ግን መስኮቱን እያየሁ አንድ ነገር ለራሴ ነገርኩት። ይህ አፍ፣ ልክ እንደዛሬው ሰው በተሰበሰበበት፣ ለእጄ ይከፈታል። ሌላ ካሳ አልፈልግም። ዶክተር ሁን፣ ሀብታም ሁን ቢሉኝ እንኳ አልለውጠውም፤ ሓወቦ በሰው ፊት ከእጄ ይጎርሳል።

ስካውት መሄድ ተከለከልኩ። መሪው ግን ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቆ ባጄን ሰጠኝ። «ፈተናው ማብሰል ነው» አለኝ፤ «መድፋቱን የፈተነ የለም።» በዚያም አልቀረም። አንድ ቅዳሜ ሓወልቲ አካባቢ ወዳለ ሆቴል የጓሮ በር ወሰደኝና ለሼፉ፣ «ይህ ልጅ ለምን እንደተበላሸ ያውቃል፤ ሌላ ምንም አይችልም» ብሎ አስረከበኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሓወቦ «ፊዚክስ ጥናት ላይ ነው» ሲል እኔ ድንች እልጥ ነበር። ድንች ስልጥ፣ ዶሮ ስበልት፣ ሳህን ስጠርግ አደግኩ። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የሆቴል ሙያ ማሠልጠኛ ገባሁና ለቤተሰቡ አስታወቅኩ። ሓወቦ ዓመት ሙሉ አላናገረኝም፤ ያ ዓመት ለሁላችንም ጤና የተገኘበት ነበር።

መሐላውን ግን አልረሳውም። በበዓል እናቴ ቤት ይመጣል፣ እጁን ይታጠባል፣ ትሪው ሲቀርብ ቀና ብሎ «የማን እጅ ነው?» ይላል። እናቴ «የእኔ» ካለች ይበላል። እሷ ዓይኗን ከሰበረች እጁን ያነሳና ውኃ ይጠጣል። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ሁልጊዜ ያቺው ጥያቄ። እኔ ዋና ሼፍ ሆኜ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ወጥ ቤት ድረስ ገብተው እያመሰገኑኝ፣ ቤቴ ስመለስ ያ ሰው «የማን እጅ ነው?» ይላል። ቂሜ እንዳይዝግ ራሱ ይስልልኝ ነበር።

በጦርነቱ ጊዜም አልበላም። ባንክ ተዘግቶ፣ ገበያው ባዶ ሆኖ፣ ሆቴላችንም በሩን ቆልፎ ሳለ እኔ ቤቴ ባገኘሁት ዱቄት ሁሉ ዳቦ እጋግር ነበር። የሓወቦ ሚስት ለልጆቿ ትወስዳለች። ልጆቹ ሲበሉ እሱ ቆሎ ይዞ ዞር ይላል አሉኝ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ቂም ባይኖረኝ ኖሮ ሳላከብረው አልቀርም ነበር። ከዚያ ወዲያ ዳቦውን ትቼ ዱቄቱን ላክሁ፤ በሚስቱ እጅ ከሆነ ይበላል ብዬ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ሳልበቀለው እንዲሞትብኝ አልፈለግኩም።

ሰላም ሆነ፣ ሆቴሉም ተከፈተ። አንድ ቀን የሓወቦ ሴት ልጅ ወጥ ቤት መጣችና ልታገባ እንደሆነ ነገረችኝ። ድግሱ እኛ ሆቴል ነው።

«አንተ ካልሠራህልኝ አላገባም» አለችኝ።

«አባትሽስ?»

«ቤት በልቶ ይመጣል፤ ለምዶታል። አንተ ዝም በል።»

እሺ አልኳት። እሷ ዝም የምል መስሏት ሄደች። እኔ ያን ቀን ሥራ መሥራት አቃተኝ፤ ጨው እንደጨመርኩ ረስቼ ሁለቴ ጨመርኩ። የምፈልገው ቀን መጥቶልኛል። የገዛ ልጁ ሰርግ፣ አማቾች፣ የንስሐ አባቱ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቹ፣ ሁሉም ባንድ አዳራሽ። ጉርሻ ደግሞ እምቢ አይባልም። በሰርግ ቤት ሰው ፊት የተዘረጋ ጉርሻ አልፈልግም ማለት የዘረጋውን ሰው በጥፊ መምታት ነው። እንግዲህ ወይ ይጎርሳል፣ መሐላው ይፈርሳል፤ ወይ እምቢ ይላል፣ ለምን እንደሆነ ለአማቾቹ ያስረዳል። የትኛውም ይጣፍጠኝ ነበር።

በሰርጉ ቀን ምግቡ ቀርቦ ሰው ከበላ በኋላ መድረክ መሪው ዋናውን ሼፍ ጠራ። እንዲጠራኝ የነገርኩት እኔ ነኝ። ነጩን ልብሴን ለብሼ፣ ጥሕሎ በትሪ ይዤ ወጣሁ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። ቀጥታ ወደ ሓወቦ ሄድኩ። አንዷን ድቡልቡል በእንጨቱ ወጋሁ፣ ወጡ ውስጥ አሽከረከርኳት፣ ግራ እጄን ከሥር አድርጌ አፉ ድረስ አደረስኳት።

«ሓወቦ፣ ይጉረሱልኝ።» ማይክሮፎኑ ቅርብ ነበር፤ ያንንም ያስጠጋሁት እኔ ነኝ።

«ጠግቤያለሁ» አለ።

«አንዲት ናት።»

«ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።»

የሙሽራው አባት ሳቀ። «ዋእ! ሰው በልጁ ሰርግ ቤቱ በልቶ ይመጣል እንዴ?»

ዘይቱ መዳፌ ላይ ይንጠባጠባል። እጄን አላወረድኩም። ሓወቦ ወደ ሚስቱ አየ፣ ወደ ልጁ አየ። በመጨረሻ ድምፁን ቀንሶ «ግዝት አለብኝ» አለ።

አጠገቡ የተቀመጡት የንስሐ አባቱ ዞር አሉ። «የምን ግዝት? ለእኔ ያልነገርከኝ ግዝት አለ?»

«ቆይቷል፣ አባታችን።»

«ሓወቦ፣ ይንገሯቸው እንጂ» አልኩ በጣም በጨዋ ድምፅ።

ነገራቸው። ልጅ ሳለሁ ወጥ ስሠራ እንዳገኘኝ፣ ወጡን እንደደፋው፣ በሚካኤል እንደማለ። ታሪኩ ሲያወራው እያጠረበት ሄደ፤ የሚያኮራ ነገር እንዳልሆነ እያወራ የገባው መሰለኝ። የሙሽራው አባት የገዛ ሳህኑን አየ፤ ተጠርጎ ያበራል። «ይህን ምግብ ነው?» አለ። «ይህን ምግብ ነው ይህን ሁሉ ዘመን የተውከው?» አንድ ሰው ሳቀ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ሳቀ። ቀጥሎ ማይክሮፎኑ ለኋለኞቹ ስላደረሰው አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። የሓወቦ ጆሮዎች ቀሉ። እኔ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ባሕር ዛፉ ሥር በዝምታ የቆሙት ወላጆች ሁሉ በዚህ ሳቅ የካሱኝ መሰለኝ።

የንስሐ አባቱ ግን አልሳቁም። «በሰው ፊት የማልከውን በሰው ፊት እፈታዋለሁ» አሉ። «እንዲሁ ግን አልፈታውም። ለመጪው ሚካኤል ለነዳያን ጥሕሎ ታበላለህ። ሠራተኛ አትቀጥርም፣ ሚስትህን አታዝም። በገዛ እጅህ ነው የምትሠራው።»

«አባታችን፣ እኔ ማጀት ገብቼ አላውቅም።»

«ይህ ልጅ ያውቃል፤ ያሳይሃል» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «በል እስከዚያ እሷን ወዲህ በላት።» አፋቸውን ከፈቱ፤ ጉርሻዬን እሳቸው ጎረሱት።

የሚካኤል ዋዜማ ጠዋት ሓወቦ ወጥ ቤቴ መጣ፤ ሙሉ ልብስ ከነክራባቱ። ሠራተኞቼን ሁሉ አስቀድሜ ጠርቼያቸው ነበር፤ አንድም ሰው እንዲያመልጠው አልፈለግኩም። ካሉን ሽርጦች አበባ ያለበትን መርጬ ሰጠሁት። ሲያስረው ከኋላ ማን ያስርልኛል ብሎ ዞረ፤ ማንም አላሰረለትም። ቀይ ሽንኩርት በጆንያ አቀረብኩለት።

«ይህ ሁሉ ያስፈልጋል?»

«ያስፈልጋል» አልኩት። አያስፈልግም ነበር፤ ግማሹን ለሆቴሉ ምሳ ተጠቀምንበት። ልጦ እስኪጨርስ እንባው እስከ አገጩ ወረደ፣ ንፍጡን በክርኑ ይጠርጋል። በሩ ላይ ተደግፌ አየሁት። የሰርጉ ሳቅ ደስ ብሎኛል፣ ይህ ግን ይበልጥ ደስ አለኝ፤ ቀስ ብሎ የሚበላ ደስታ ነበር።

ቀጥሎ ገብሱ መጣ። ያሸዋል፣ ያድቦለቡላል፣ ይሰነጠቅበታል። «ይድገሙት» እለዋለሁ። ይደግመዋል፣ ይሰነጠቃል። ለምን እንደሚሰነጠቅ አውቃለሁ፤ አልነገርኩትም። ቶሎ ብሎ በቃኝ ይላል፣ ሽርጡን ይወረውራል፣ በአማርኛ ይሰድበኛል፣ ሠራተኞቼም ያዩታል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ስድቡን ናፍቄ ነበር።

አልተሳደበም። ክራባቱን ወደ ትከሻው ወረወረና ዱቄቱን ሦስት ቦታ ከፈለው። አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ፣ አንዱን ለብ ባለ፣ አንዱን በሞቀ ማሸት ጀመረ። ጨርሶ በረድፍ አስቀመጣቸውና አጎንብሶ አያቸው። «ዋእ፣ ለብ ያለው ነው የያዘው!» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለሊጡ። ስልኩ ጮኸ፤ አልሰማውም። ደግሞ ጮኸ። ሚስቱ መሆኗን አይቼ «ስልክዎ» አልኩት፤ በዱቄት እጁ ዝም በል ብሎ ምልክት ሰጠኝ። የምሳ ሰዓት አለፈ። ሠራተኞቼ መሳቃቸውን ትተው ከበቡት፣ ሓወቦ እንዲህ ቢያደርጉት፣ ሓወቦ እንዲያ ቢሆን እያሉ። እሱም ይመልሳል፣ ይጠይቃል፣ ይስቃል። በትግርኛ ይስቃል።

ተናደድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ድስት ላይ አጎንብሶ ዓለሙን የረሳ ሰው ፊት ነው፤ እኔም በልጅነቴ ነበረኝ። ሰውየውን ላዋርደው አምጥቼ አስደሰትኩት። ዕድሜውን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ለሌላው ሲከለክል የኖረ ሰው፣ በሩ ለራሱም ተዘግቶበት እንደነበር የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር። አላሳዘነኝም። እሱ ባንድ ቀን ያገኘውን እኔ ድንች እየላጥኩ፣ እየዋሸሁ፣ እየተደበቅኩ ነው ያገኘሁት፤ ይህ ፍርድ ነው?

በማግስቱ ሚካኤል ሆነ። ቅዳሴ አልቆ ነዳያኑ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር በረድፍ ተቀመጡ። ሓወቦ ትሪውን ራሱ ተሸክሞ አጎንብሶ አቀረበላቸው፤ «ይጨመርልኝ» ላለው ሁሉ ሲጨምር የእሱ ደረት ይነፋል። ሁሉም ከበሉ በኋላ የንስሐ አባቱ በመስቀላቸው ዳሰሱት። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉ።

እኔ የራሴን ጥሕሎ፣ በገዛ እጄ ብቻ የሠራሁትን፣ በትንሽ ዕቃ ይዤ ነበር። ቤተሰቡ አለ፣ የሙሽራው ወገን አለ፣ የሰፈሩ ሰው አለ። ድቡልቡሏን ወጋሁ፣ ነከርኩ፣ አቀረብኩ። ሓወቦ አየኝ። አፉን ከፈተ፤ ጎረሰ።

እናቴ እልል አለች። እኔ የሓወቦን ጉንጭ ብቻ እያየሁ ነው። አላመጠ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፤ ደግሞ አላመጠ። ዋጠ። ይቅርታ ሊለኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ጨው አንሶታል» አለ።

«ምን አሉ?»

«ጨው አንሶታል፣ ወደይ» አለኝ፤ ልጄ ማለት ነው። «የእኔን ቅመስ እስቲ።» ከራሱ ትሪ የተረፈችውን አንዷን ወጋ፣ ወጡ ውስጥ በደንብ አሽከረከራት። ሰው ሁሉ እያየ አፌ ድረስ አመጣትና ዓይን ዓይኔን እያየ ቆመ፤ መልሴን የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር።

ጎረስኩ። ደህና ነበር፤ እንዲያውም ከደህናም በላይ ነበር። እሱን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።